«አምስት ቀን በሥርዓት፣ ቅዳሜ እስኪያመኝ»፦ ከምግብ ጋር መታረቅ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ያለፉትን አሥር ዓመታት አብዛኛውን በዳይት ነው ያሳለፍኩት። አሁን ቁርስ አልበላም፤ ምሳዬ ሰላጣና እንቁላል ብቻ ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ምግብ አልነካም። ስኳር፣ ዳቦና ሩዝ ለራሴ ከልክያለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደምንም እወጣዋለሁ። ቅዳሜ ማታ ግን አንድ ብስኩት ከቀመስኩ ፓኬቱን ሳልጨርስ አልነሣም፤ ከዚያ ዳቦ፣ ከዚያ አይስክሬም፣ ሆዴ እስኪያመኝ ድረስ። እሑድን ራሴን ስረግም ውዬ ሰኞ ከበፊቱ አጥብቄ እጀምራለሁ። የስኳር ሱሰኛ ሆኜ ይሆን? ከቤት ጨርሶ ላጥፋው? ወይስ አንዳንዶች እንደሚሉት ሰውነቴ የጠየቀኝን ሁሉ ልብላ? በምግብ ተደስቶ መኖር ለእኔ ይቻላል?

መልስ፦ የቅዳሜው ነገር የሚጀምረው ቅዳሜ ማታ ሳይሆን ሰኞ ጠዋት፣ ቁርሱ ሲዘለል ነው። እርስዎ አምስቱን ቀን እንደ ጥሩው፣ ቅዳሜን እንደ መጥፎው አድርገው ጽፈውታል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቅዳሜ ሰውነትዎ የተፈጠረበትን ሥራ እየሠራ ነው፤ መስተካከል ያለባቸው አምስቱ ቀናት ናቸው። ሰኞን ይበልጥ ማጥበቅ ደግሞ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ምክንያቱ ከፊሉ የሆርሞን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘው ሌፕቲን ከስብ ሴሎች እየመነጨ ሰውነት ምን ያህል ስንቅ እንዳለው ለአንጎል ይነግራል። ምግብ ሲቀነስ ሌፕቲን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርዳል፤ የሚወርደውም ከጠፋው ስብ በእጅጉ በሚበልጥ መጠን ነው። ኪሎው ገና ሳይነቃነቅ አንጎል «ስንቅ እያለቀ ነው» የሚል መልእክት ደርሶታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተገኘው ግሬሊን ደግሞ በዋናነት ከጨጓራ ይመነጫል፤ ከምግብ በፊት ከፍ፣ ከበሉ በኋላ ዝቅ ይላል። የሁለቱ ለውጥ ሲደራረብ ረሃብ ይበረታል፣ ጥጋብ ይዘገያል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ምግብ ማሰብ ፋታ ይነሣል።

ይህ የፈቃድ ድክመት እንዳልሆነ ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ጠንካራው በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የመራው የረሃብ ጥናት ነው። ጥናቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1944 መገባደጃ ሲሆን፣ በፈቃዳቸው የገቡት 36 ወጣት ወንዶች በአካልም በአእምሮም ጤነኛ መሆናቸው ተረጋግጦ የተመረጡ ነበሩ። ለ24 ሳምንታት ከለመዱት ምግብ ግማሽ ያህሉን እየበሉ ከክብደታቸው ሩቡን ገደማ አጡ። ከዚያ በፊት ስለ ምግብ ተጨንቀው የማያውቁ ሰዎች የምግብ አሠራር መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመሩ፤ አንዷን ትንሽ ማዕድ ሰዓታት እያስረዘሙ ይበሉ ነበር። ምግቡ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ከፊሎቹ ሆዳቸው እስኪወጠር በልተውም «አልጠገብኩም» ይሉ ነበር። የእርስዎ እጥረት የእነሱን ያህል የከፋ አይደለም። አቅጣጫው ግን አንድ ነው፤ እነሱ 24 ሳምንት ያዩትን እርስዎ በየሳምንቱ በትንሹ እየደገሙት ነው።

ሌላው ምክንያት ከሆድ ይልቅ ሐሳብ ውስጥ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ የሥነ ልቦና ሙከራ ለተሳታፊዎቹ መጀመሪያ ሚልክሼክ አጠጥቶ ቀጥሎ አይስክሬም የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ፈቀደ። ምግብ የማይቆጣጠሩት ሰዎች ሚልክሼኩ ስላጠገባቸው አይስክሬሙን ቀነሱ። ዘወትር ራሳቸውን የሚቆጣጠሩት ግን ጨመሩ። «ዳይቱ አንዴ ተበላሽቷል፤ ከተበላሸ አይቀር…» የሚለው ሐሳብ እንጂ ረሃብ አልነበረም የገፋቸው። የእርስዎ የመጀመሪያ ብስኩትም ሥራው ይኸው ነው። ፓኬቱን የሚያስጨርሰው «ከነገ ወዲያ እንደገና ይከለከላል» የሚለው እውቀት ነው፤ ሰኞ የሚዘጋ በር ቅዳሜ ማታ ያጋፋል።

ወደ ሱሱ ልምጣ። «የስኳር ሱስ» የሚባል በሽታ በሕክምና መመርመሪያ መመሪያዎች ውስጥ የለም። ስኳር በአንጎል ውስጥ ደስታን የሚያነሣሣውን መንገድ ይነካል፤ ሙዚቃና የወዳጅ ፈገግታም ይነኩታል። ብዙ ጊዜ በማስረጃነት የሚጠቀሱት የአይጥ ሙከራዎች በጥሞና ሲነበቡ የሚናገሩት ሌላ ነው። አይጦቹ ሱስ የሚመስል ባሕርይ ያሳዩት በየቀኑ 12 ሰዓት ያህል ያለ ምግብ ቆይተው ስኳሩ ሲሰጣቸው ነው። ስኳሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት የነበረላቸው አይጦች ያን ባሕርይ አላሳዩም። የእጦቱ ሚና ከስኳሩ ሚና አያንስም ማለት ነው።

ይህ ሲባል ግን ሁሉም ምግብ እኩል ነው ማለት አይደለም፤ «ምንም ልዩነት የለውም፣ ፈታ በሉ» የሚሉ መካሪዎች የሚዘሉት ነገር አለ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት 20 ሰዎችን አንድ ወር ያህል እዚያው አስቀምጦ ሁለት ሳምንት እጅግ በፋብሪካ የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረበላቸው። የቀረበው ማዕድ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብ፣ በጨውና በአሰር (ፋይበር) እንዲመጣጠን ተደርጎ ነበር። መጠኑን ለራሳቸው ትተውት ሳለ በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ አበላላቸውም ፈጠነ። ለስላሳ፣ ብዙ ማኘክ የማይጠይቅና በትንሽ መጠን ብዙ ካሎሪ የያዘ ምግብ ጥጋብን ይቀድመዋል። ስለዚህ ብስኩት የዕለት ቀለብ አይሁን፤ የተከለከለ ፍሬም አይሁን።

ሦስተኛው ጥያቄዎ «ሰውነቴ የጠየቀኝን ሁሉ ልብላ?» ነው። ግቡ ወደዚያ የቀረበ ነው፤ መነሻ አድርገው ከወሰዱት ግን ያሳስትዎታል። አሥር ዓመት ሲታፈን የኖረ የረሃብ ምልክት ዛሬ ቢያዳምጡት ወይ ዝም ይላል ወይ ይጮኻል፤ መካከል የለውም። ጠዋት «አይርበኝም»፣ ማታ «ሁሉንም አምጡ» ይላል። ምልክቱ እስኪስተካከል ድረስ የሚመራዎት ሆድ ሳይሆን ሰዓት መሆን አለበት። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ሰዓት፣ ቀጥሎ የተከለከሉትን መፍታት፣ በመጨረሻ ረሃብና ጥጋብን ማዳመጥ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ከሦስተኛው ስለሚጀምር ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ አሰልቺ ነው፤ ግን የሥራው አብዛኛው እሱ ነው። በቀን ሦስት ዋና ምግብና አንድ ወይም ሁለት መክሰስ፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ከ4 ሰዓት የበለጠ ክፍተት አይኑር፤ የመጀመሪያው ከእንቅልፍ በተነሡ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይሁን። ቢርብም ባይርብም ሰዓቱ ሲደርስ ይበላል፤ መድኃኒት በሰዓቱ እንደሚዋጠው ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዋና ምግብ ከ20 እስከ 30 ግራም ፕሮቲን ያስገቡ። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ሰው አዘውትሮ ይሳሳታል፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ብቻ ነው ያለው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 200 ግራም ያህል የበሰለ ምስር 18፣ 100 ግራም የበሰለ ሥጋ ወይም ዓሣ 25 ገደማ። ከዚህ ጋር የጨበጡትን እጅዎን የሚያህል ዳቦ፣ ሩዝ ወይም ድንች፣ ከሳሕኑ ግማሽ የሚጠጋ አትክልት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ተመጣጣኝ ስብ። የእርስዎ ምሳ ሦስቱ ይጎድሉታል። እንቁላሉ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ፕሮቲኑ ያንሳል፤ ዳቦና ሩዝ የሚባል ነገር የለውም፤ ሰላጣው ያለ ዘይት ከሆነ ደግሞ ቪታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ስብ ሳይኖር በደንብ ስለማይመጠጡ አትክልቱ ራሱ በከፊል ባክኗል።

«ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ» የሚለውን ሕግ ይጣሉት። ሰዓቱ ብቻውን ምግብን ወደ ስብ አይለውጥም። ሊተኙ ሲሉ ከብዶ መብላት ቃርና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፤ ስለዚህ ከእራት እስከ መኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት መተው በቂ ነው። እራትን በ11 ሰዓት ጨርሶ እስከ 5 ሰዓት ሌሊት ነቅቶ መቆየት ግን ስድስት ሰዓት ባዶ ሆድ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሦስት ነገሮች ያጋጥማሉ፤ አስቀድመው ካላወቋቸው ያስቆሙዎታል። ጠዋት ምግብ አልወርድ ይላል፤ በአንድ ሙዝና በአንድ ብርጭቆ ወተት ይጀምሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት የጠዋቱ ረሃብ ይመለሳል። ሆድ ይነፋል፤ አሰሩን ቀስ ብለው ይጨምሩ፣ ውኃ አብረው ይጠጡ። ሦስተኛው ሚዛኑ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ይህ በአብዛኛው ስብ አይደለም። ዳቦና ሩዝ ሲመለስ ጉበትና ጡንቻ ግላይኮጅን የተባለውን ስንቃቸውን ይሞላሉ፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ 3 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል። ዳቦ ሲተዉ በመጀመሪያው ሳምንት «የቀነሰው» ኪሎም አብዛኛው ይኸው ውኃ ነበር። ብዙዎች ዕቅዱን የሚተዉት በዚች ሳምንት ስለሆነ፣ ሐኪም ለሌላ ሕመም ተመዘኑ ካላለ በቀር ሚዛኑን ከመታጠቢያ ቤት ያውጡት።

ሁለተኛውን እርምጃ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በፊት አይሞክሩት። እስከዚያ የሚያስቸግሩዎትን ነገሮች ቤት በብዛት አለማከማቸት ይቻላል። ልዩነቱ ምክንያቱ ላይ ነው፤ «ለዘለዓለም አይገባም» ሳይሆን «ተራው ገና ነው»። ጨርሶ ማጥፋት የማይሠራው ብስኩት ከቤት ቢጠፋ ከዓለም ስለማይጠፋ ነው፤ ሰርግ፣ ቢሮ፣ የጓደኛ ቤት አለ። የከለከሏቸውን ሁሉ ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ከሚያስፈራው ትንሹ ወደ ትልቁ ይደርድሯቸው፣ ከዚያ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አንዱን ያስገቡ። አገባቡ ወሳኝ ነው። ከፓኬቱ ሳይሆን ከሳሕን ይበሉ፤ ከዋና ምግብ ጋር ወይም ወዲያው በኋላ እንጂ በባዶ ሆድ አይሁን፤ ተቀምጠው፣ ስልኩን አስቀምጠው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ያንኑ ምግብ ይድገሙት። መደጋገሙ ሆን ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት አንድ ዓይነት ምግብ በየቀኑ የቀረበላቸው ሴቶች በአምስት ቀን ውስጥ እየቀነሱ ሄዱ፤ ያው ምግብ በሳምንት አንዴ የቀረበላቸው ግን አልቀነሱም። ሳምንታዊ «የነጻነት ቀን» አምሮትን ሁልጊዜ አዲስ አድርጎ ያቆየዋል፤ ድግግሞሽ ያስለምደዋል። ምግቡ መፈታቱን የሚያውቁት ምንም ሳይታገሉ ግማሹን ትተው ሲነሡ ነው። ካልሆነ ብስኩቱን ከመውቀስዎ በፊት የዚያን ቀን ምሳ ስንት ሰዓት እንደበሉ ይዩ።

እግረ መንገዴን ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። «ዛሬ አጠፋሁ»፣ «ንጹሕ በላሁ»፣ «ኬክ በላሁና ልክፈለው» ማለት ምግብን ፍርድ ቤት ያቆመዋል። ለሚዛናዊነት መለኪያ ካስፈለገ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው አለ። ከሚጨመር ስኳር የሚገኘው ኃይል ከዕለቱ ከ10 በመቶ በታች (2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም ያህል)፣ ጨው ከ5 ግራም በታች፣ አትክልትና ፍራፍሬ ቢያንስ 400 ግራም። እነዚህን በሳምንት አማካይ ይዩአቸው፤ አንዲት ማዕድ ላይ አይፍረዱባቸው።

ሦስተኛው እርምጃ ላይ ሲደርሱ ደስታው ይመጣል፤ «ተደስቶ መኖር ይቻላል?» ያሉት እዚህ ነው የሚመለሰው። ረሃብዎን ከ0 እስከ 10 ይመዝኑ፤ 0 የሚያንቀጠቅጥ ረሃብ፣ 10 የሚያም ጥጋብ። 3 ላይ ይጀምሩ፣ 7 አካባቢ ያቁሙ። 1 ላይ የጀመረ ሰው 7 ላይ የሚያቆምበት ዕድል ትንሽ ነው። ከአንጀት የሚመነጩት የጥጋብ ምልክቶች በቅጡ እስኪሰሙ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃሉ፤ በሰባት ደቂቃ የሚያልቅ ማዕድ ምልክቱን አይጠብቅም። ሌላው ደግሞ ምላስ ራሱ የሚሰጠው ምልክት ነው። የአንድ ምግብ ጣዕም በተከታታይ ጉርሻ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የሌላው ግን እንዳለ ይቆያል። ምሳ ጠግበው ለጣፋጭ ቦታ የማያጡት ለዚህ ነው። ሦስተኛውን የቸኮሌት ቁራሽ ከመጀመሪያው ጋር ያወዳድሩት፤ መደብዘዙን ካስተዋሉ ማቆም ትግል አይሆንም። ማስተዋል የሚቻለው ግን ነገም እንደሚኖር ሲያምኑ ነው፤ ሁለተኛው እርምጃ ቀድሞ የመጣው ለዚሁ ነው። የተቀቀለ፣ ቅመምና ዘይት የሌለው፣ «ጤናማ ስለሆነ» የሚዋጥ ምግብም አያዛልቅም። ሰው የማይጣፍጠውን ምግብ ለወራት ይታገሰዋል፣ ለዓመታት ግን አይበላውም። አትክልቱን በዘይት ይጥበሱት፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ያጣፍጡት።

ረሃብና አምሮትም ይለያያሉ። ረሃብ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ የተገኘውን ይቀበላል፤ አምሮት ድንገት ይመጣል፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠራል። አልፎ አልፎ ሲከፋዎት የሚወዱትን መብላት በሽታ አይደለም። ችግር የሚሆነው ሐዘንን፣ ድካምንና ብቸኝነትን ማስታገሻው እሱ ብቻ ሲሆን ነው። እንቅልፍ ማነስ ሁለቱንም ያባብሳል።

ይህ መንገድ ክብደት ይቀንሳል ብዬ ቃል አልገባም። ሊቀንስ፣ ሊጨምር፣ ባለበት ሊቆይም ይችላል። ለጤና ምክንያት መቀነስ ካለብዎት ጥያቄው የሚነሣው የቅዳሜው ነገር ቢያንስ ለሦስት ወር ከቆመ በኋላ ነው፤ ያኔም በባለሙያ ክትትል። ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ የምግብ ሰዓትና መጠን ከመቀየርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ለነፍሰ ጡርና ለኩላሊት ሕመምተኛም እንዲሁ። በአለርጂ ወይም በሴሊያክ (ስንዴና መሰሎቹ አንጀትን የሚጎዱበት ሕመም) ምክንያት የተከለከለ ምግብ በሁለተኛው እርምጃ ከሚፈቱት ውስጥ አይደለም።

ሌላም በግልጽ መባል ያለበት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አምስተኛው የአእምሮ ሕመሞች መመርመሪያ መመሪያ፣ ቁጥጥር አጥቶ ከመጠን በላይ መብላት ቢያንስ በሳምንት አንዴ ለሦስት ወር ከተደጋገመና ጭንቀት ካመጣ ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ ይመዘግበዋል። የእርስዎ በየቅዳሜው ከሆነ ወደዚያ ይጠጋል፤ ኪሎዎ መደበኛ መሆኑም ሕመሙ የለም አያሰኝም። ስለዚህ ከታች ያለውን እየጀመሩ የአመጋገብ መታወክን የሚያውቅ የሥነ ልቦና ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ ያግኙ። ለዚህ ቀዳሚው ሕክምና የሐሳብና የባሕርይ ሕክምና የሚባለው የንግግር ሕክምና ነው፤ እሱም የሚጀምረው በመደበኛ የምግብ ሰዓት ነው። ከበሉ በኋላ የሚያስመልሱ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚወስዱ፣ የወር አበባዎ ሦስት ወር የቀረ ወይም ራስዎን የሚስቱ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ተደጋጋሚ ማስመለስ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርዳል፤ ይህ የልብን ምት ያዛባል።

የምመክርዎ ይህን ነው። ለ12 ሳምንታት ምንም ዓይነት የመቀነሻ ዳይት አይያዙ። ካሎሪ የማይቆጠርበት አንድ ወረቀት ይያዙ፤ ሰዓት፣ ምን እንደበሉ፣ ከመብላትዎ በፊት የነበረው ረሃብ በቁጥር፤ ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ደግሞ አስቀድመው ይዘጋጁበት። ጠዋት 2 ሰዓት ቁርስ፣ 6 ሰዓት ምሳ ከሩዝ ጋር፣ 10 ሰዓት እርጎና ፍራፍሬ፣ ምሽት 1 ሰዓት እራት ከዳቦ ጋር፣ እራቱ እንዳለቀ ሻይ፤ የብስኩቱ ተራ ገና ነው። እንዲያም ሆኖ ፓኬቱ ካለቀ፣ ሊያልቅ ይችላል፣ ወረቀቱ ላይ ይጻፉትና ይተኙ። እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ባይርብዎትም፣ ቁርስ ይብሉ።